በመስኮት የገባ ቱቦ

ልጄ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ፊኛ ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ። ሱቅ ሄጄ የገዛሁት እኔ ነኝ። ባለሱቁ «ልደት አለ እንዴ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ሌላውን ነገር ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

ልጄ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጭነት በመጫንና በማራገፍ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በተጫነ መኪና ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰና በጎኑ ወደቀ። ጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ ሳንባው ዙሪያ ደም ቋጠረ። ደሴ አምጥተውት በጎኑ በኩል ደሙን አፈሰሱለት። ሊወጣ ሲል ሕመምተኞችን አተነፋፈስ የምታለማምደው ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እናት፣ ሳንባው እስከ ታች አልተከፈተም» አለችኝ። «ቤት ሲገባ ቁጭ እያለ በረጅሙ ይተንፍስ፤ ያስል፤ ፊኛ ይንፋ። ያመኛል ብሎ ከተኛ የቀረው ደም ይጠጥርና ሳንባውን ጨምድዶ ይይዘዋል።»

«ከያዘውስ፣ ሲስተር?»

«ያኔ አዲስ አበባ ተልኮ ደረቱ ተከፍቶ ነው የሚጸዳው። በወሩ ራጅ ተነስቶ ይምጣና እናየዋለን።»

ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ደረቱ ተከፍቶ» የሚለው ነው። ሌላውን በኋላ እያስታወስኩ ነው የቀጣጠልኩት።

ቤታችን እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ሁለት ክፍልና ጠባብ በረንዳ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እኔና ልጄ ብቻ ነን። አልጋውን በመስኮቱ ስር አደረግሁለት። ገብቶ ተኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ በቃ። ፊኛውን ሳቀብለው «ልጅ ነኝ እንዴ?» አለና ብርድ ልብሱ ላይ ጣለው። ስለምነው ዝም፤ ስቆጣው ዝም። አንድ ጊዜ ለእኔ ሲል ሞከረና ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ በኋላ አፉ አላስጠጋውም። ማሳልማ ጭራሽ አይታሰብም። ሳሉ ሲመጣበት ትራሱን ነክሶ ይውጠዋል።

እኔም ያው ነበርኩ። እጄ ይሠራል፤ ወጡ ይሠራል፤ ልብስ ይታጠባል። ውስጤ ግን ምንም የለም። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆርጬ ያወቅሁት ሽንኩርቱ ሲቀላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩለት «አሜን» የሚባልበትን ቦታ አውቀዋለሁና በቦታው እላለሁ። አንደኛዋ «እህቴ፣ እምነትሽ ያስቀናል፤ እንባ እንኳ የለሽም» አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

የማይተወኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብዬ እሄድና የእጄን ጀርባ አፍንጫው ስር አደርጋለሁ። አንዳንዴ ዓይኑን ሳይገልጥ «አለሁ፣ እማዬ» ይለኛል። እኔም ብርድ ልብሱን ላስተካክል የመጣሁ እመስላለሁ።

አንድ ቀን ከአልጋው ስር ስጠርግ መጥረጊያው ካርቶን መታ። ኪሽ አለ። ረስቼው ነበር። ባለፈው ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በጨረታ ከሚወገድ ዕቃ የብረት መደርደሪያ ገዝቶ ነበር። መደርደሪያው ተሸጠ። አብሮ የወጣውን ካርቶን ግን የሚወስደው ሰው ጠፋና ወደ ቤት አመጣው። ውስጡ የመስታወት ዘንግ ነው፤ ቁመቱ ክንድ የሚያህል፣ ውፍረቱ እንደ ጣት፣ መሃሉ ክፍት። የላቦራቶሪ ዕቃ ነው አሉ። ልጄ ያኔ ስልኩ ላይ ሰዎች ከእንዲህ ያለ ዘንግ ብልቃጥ ሲሠሩ አይቶ ተመኘ። ፍሪጅ የሚጠግኑ ሰዎች የሚይዟትን ዓይነት፣ ጣሳ ላይ የምትገጠም የጋዝ እሳት ገዛ። ሁለት እሁድ ሞክሮ እጁን ተቃጠለና ተወው። እኔ ያኔ ደስ ነው ያለኝ። ጋዟን ወስጄ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስር ደበቅኋት።

«ይሄን ለቆራሌው ልስጠው?» አልኩት።

ፊቱን ሳያዞር «ቆራሌው ጠርሙስ እንጂ እንዲህ ያለ መስታወት አይወስድም» አለ።

በዚያ ሳምንት ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ስለዚህ ዝም እንዳይል ብዬ ጥያቄ ጨመርኩ።

«ለመሆኑ ብልቃጥ እንዴት ነው የሚሆነው ይሄ?»

«ጫፉ እሳት ላይ ይቀልጣል፣ ይደፈናል። ከዚያ በሌላው ጫፍ ይነፋል።»

መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ።

«ማን ነው የሚነፋው?»

«የሚሠራው ሰዋ!» አለ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያን ቀን ነው። እኔ ነገር ቶሎ የምጀምር ሰው አይደለሁም። ቡታጋዝ እንኳ ስለኩስ ክብሪቱን ቀድሜ ጭሬ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ፊቴን አዙሬ ነው። ግን ፊኛውን አይነፋም፤ ወሩ ደግሞ እየሄደ ነው። ሌላ የማውቀው የሚነፋ ነገር አልነበረም።

ያስጨነቀኝ ጭሱ ነው። የተጎዳ ሳንባ አጠገብ ጋዝ አይነድም። አስቤ አስቤ እሳቱን በረንዳ ላይ ላደርገው ወሰንኩ። እሱ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ይሁን፤ እኔ ውጭ ልሁን፤ በመሃላችን ግድግዳውና መስኮቱ አለ። ከዘንጉ እስከ አፉ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋል። ፋርማሲ ሄጄ ግሉኮስ የሚንጠለጠልበትን ቱቦ ጠየቅሁ።

«ለታማሚ ነው? መርፌውስ?» አለኝ ልጁ።

«መርፌ አልፈልግም። ቱቦውን ብቻ። ለመስታወት ነው።»

አየኝ፤ ከዚያ ሸጠልኝ።

ቤት ገብቼ ስለካው ቱቦው በመስኮቱ ፍርግርግ አልፎ ተኝቶ ላለ ሰው አፍ ድረስ የሚበቃ ነው። መቀስ አመጣሁና ቆረጥኩት። ሲያየው «አጠረ እኮ» አለ።

«እንዲህ ነው የሚሸጠው» አልኩት።

ቁጭ ካላለ አይደርስበትም ነበር። «እኔ አሞቃለሁ፣ አንተ ትነፋለህ» ስለው እምቢ አላለም።

የመጀመሪያው ቀን የሠራነው ነገር የለም። እሳቷን የምለኩስበትን እሱ ከውስጥ እየነገረኝ፣ እኔ ውጭ ክብሪት እየጨረስኩ ነው ያለፈው። የባለቤቴን የፀሐይ መነጽር አድርጌያለሁ። ነጠላዬን አውልቄ ፀጉሬን በጥጥ ሻሽ አጥብቄ አስሬያለሁ። ከጎኔ ባልዲ ውሃ አለ፣ ከባልዲው ጎን አሸዋ አለ። እሳቷ ፉ ብላ ስትነሳ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ መሃሏ ከተትኩት። ጣ! አለና ስባሪው እግሬ ስር ተበተነ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ከሩቅ አሙቂው፣ እማዬ። ፀሐይ እንደምትሞቂ አድርጊው። ቀስ እያልሽ አስጠጊው።»

ቀስ ማለቱን እችልበታለሁ። ከዚያ ወዲህ እሳት ሲነካው የተሰበረብኝ ጥቂት ነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነበር። አንዳንዱ ዘንግ እሳቱን ቢጫ አድርጎ ቶሎ እንደ ማር ይለሰልሳል። አንዳንዱ ደግሞ ቢጠብቁት ቢጠብቁት ቀልቶ ዝም ይላል። ለዓይን አንድ ናቸው። ልጄ «ሁለት ዓይነት መስታወት ነው የተቀላቀለው፤ ጠንካራውን ለዚች እሳት ተይው» አለኝ። ቁጭ ብዬ የሁሉንም ጫፍ አንድ በአንድ እሳት አስነክቼ ለየሁ። ለስላሶቹ ላይ ቀይ ክር አሰርኩባቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘንጉን መሃሉ ላይ አሙቄ ሲለሰልስ ከሁለት አቅጣጫ እስበዋለሁ፤ ተጎትቶ ይቀጥንና ይበጠሳል፤ ጫፉ ራሱ ይደፈናል። በክፍቱ በኩል ክር ጠምጥሜ ቱቦውን አለብሰዋለሁ። የተደፈነውን ጫፍ እያሽከረከርኩ አሞቃለሁ። ማሽከርከሩ ከቆመ መስታወቱ ወደ አንድ ጎን ይንጠለጠላል። ቱቦው እንዳይጠማዘዝ ደግሞ ወዲያ አዙሮ ወዲህ መመለስ ነው፤ በእንዝርት የምትፈትል ሴት ጣቷ እንደሚያደርገው። ሲቀላ ከእሳቱ አወጣዋለሁና «ንፋ!» እላለሁ።

እሱን አላየውም። የማየው የመስታወቱን ጫፍ ብቻ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ልጅ ሲነፋ ጫፉ እብጥ ይላል። መጀመሪያ ሽንብራ ታክል ነበር።

ፍርሃቴ ደግሞ መጣ። ቱቦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወደ ውስጥ ቢስብስ? የእሳት ትኩሳት፣ የጋዝ ሽታ ሳንባው ቢገባስ? ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ነፍቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ቱቦውን ከአፉ ያወጣል፣ «አወጣሁ» ይላል፣ ከዚያ ነው አየር የሚስበው።

«ንፋ!»

ጫፉ ያብጣል።

«አውጣ!»

«አወጣሁ።»

«አሁን ሳብ። በረጅሙ። ታች ድረስ።»

«እማዬ፣ ብልቃጥ ነው የምንሠራው ወይስ ወታደር እያሠለጠንሽ ነው?»

«ሳብኩ በል።»

«ሳብኩ፣ ጓድ አዛዥ።»

ድምፁን እሰማለሁ፤ ደስ አለኝ ግን ልል አልችልም። የሠራነውን ትኩስ አመድ የሞላሁበት ድስት ውስጥ ቀብሬ እከድነዋለሁ። ቀስ ብሎ ካልበረደ ራሱን በራሱ ይሰነጥቃል። ከዚያ ምሳ እሠራለሁ።

ሥራው ሰዓት ይመርጣል። ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ያለው ጉም ሰፈራችን ድረስ ይወርድና መስታወቱም እጄም ይቀዘቅዛል። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፤ እሳቷን ያጎነብሳታል። ስለዚህ ጉሙ ሲገለጥ እንጀምራለን፣ ነፋስ ሲመጣ እናቆማለን። በአንድ ጎን ቆርቆሮ አቁሜ መከታ አደረግሁ። የጎረቤቴ ድመት እንዳትጠጋ በር ዘጋሁ። ከጨረስን በኋላ ስባሪውን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በባዶ እጄ መዳፍ ወለሉን እየዳበስኩ እለቅማለሁ።

አንድ ቀን አልነሳም አለኝ። «ደክሞኛል፣ ዛሬ ተይኝ» አለ። ለመንኩት፤ ግድግዳውን እያየ ቀረ። ጋዟን ለኩሼያት ስለነበር ብቻዬን ቀጠልኩ። ቱቦውን በሳሙናና በአልኮል አጥቤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ውስጥ ከተትኩት። መስታወቱን እንደ ሁልጊዜው አሞቅሁ። ልክ እሱን እንደማዘው ለራሴ «ንፋ» አልኩና ነፋሁ። ጠንክሬ አይደለም፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው።

መስታወቱ በአንድ ጊዜ ብርቱካን አከለ፤ ከዚያም አለፈና ሳሳ፤ ድምፅ ሳያሰማ ፈነዳ። የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነገር በአየር ላይ ተንሳፈፈ።

አብዝቼ አሙቄው ይሆናል አልኩ። ቀንሼ ሞከርኩ። ያው ሆነ። እንደገና ሞከርኩ፤ አሁን የነፋሁት ሕፃን ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ያኔ ሽንብራ የምታክል እብጠት ወጣች።

ጋዟን ዘጋሁና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በሙሉ ኃይሉ ነበር የሚነፋው። እኔ ውጭ ሆኜ «ጠንከር በል» ስለው፣ እሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነበር። ያለው ሁሉ ያን ያህል ነበር። ራጅ ሊነሳ የቀረው ጊዜ ደግሞ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ገብቼ ገንፎ አገነፋሁለት።

በማግሥቱ ቱቦውን በመስኮት አስገብቼ «ተነስ» አልኩት። ድምፄ ውስጥ ምን እንደሰማ አላውቅም፤ ተነስቶ ተቀመጠ።

ጎረቤታችን እማማ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ገራዶ ተወልደው እዚህ ሆጤ ያረጁ ሴት ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ግቢያችን ግን አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት የአጃ ሾርባ ይዘው ይመጡና በረንዳው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። ምላሳቸውን የሚከለክል ሰው የለም።

«አንቺ ጴንጤ፣ ዛሬም እሳትሽን ይዘሽ ተጎለትሽ?»

«ደህና አደሩ፣ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጡት ያስጣልሽው ልጅ አይደለም እንዴ ይሄ? ወላሂ፣ በስተርጅና በቱቦ ጀመርሽው!»

ከውስጥ «እማማ፣ ወተቱ አይወርድም!» ይላል ልጄ።

«አንተ ደግሞ ጠብተህ አትጠግብ! ከልጅነትህም እንዲሁ ነበርክ።»

እሳቸው ሲመጡ ልጄ ይናገራል። ሲናገር ደግሞ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሾርባው ቢያልቅም ቆይ እያልኩ አስቀምጣቸዋለሁ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጉሙ ቶሎ ተገልጦ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። ጫፉን በደንብ አሙቄ «ንፋ» ስል እብጠቱ እኩል ወጣ፤ ወደ ጎን ሳይዘነብል ሎሚ አከለ። ወዲያው ቂጡን በጋለ አሮጌ ካውያ ላይ ጫን አድርጌ አስተካከልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያው ብልቃጥ የሚመስል ነገር ይህ ነበር። ገና ትኩስ ነው፤ አመድ ውስጥ ልቀብረው ድስቱን ስከፍት እማማ ተነሱ።

«እስቲ ልየው! ሱብሐን አላህ! ይሄን ያ ልጅ ነፋው?»

«እሱ ነው፣ እማማ።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አላህ ይጨምርለት! ሳንባውን እንዲህ ይንፋለት! ደረቱን እንዲህ ያቅናለት! ዕድሜውን ያርዝምለት!» አሉና አጎንብሰው፣ ትልቅ ሰው በአገራችን ደንብ እንደሚመርቀው፣ «ቱፍ! ቱፍ!» አደረጉበት።

ጣ!

ብልቃጡ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አመዱ ላይ ወደቀ፤ ግማሹ እጄ ላይ ካለው ዘንግ ጋር ቀረ። እማማ አፋቸው እንደሞጠሞጠ ቀሩ። እኔም እሳቷን መዝጋት ረሳሁ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?» አለ ልጄ ከውስጥ።

ምን ልበል? «እማማ መረቁት» አልኩ።

ከመስኮቱ ውስጥ እንግዳ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። «አታስቁኝ! በናታችሁ አታስቁኝ! ጎኔ!» ይላል፤ ግን አልቻለም። ሳቁ ጎትቶ ጎትቶ ሳሉን አመጣው። ያን ሁሉ ጊዜ ትራስ እየነከሰ የዋጠው ሳል አንድ ላይ ወጣ።

ጋዟን ዘጋሁና ሮጥኩ። ትራሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ጎንበስ ብሎ ያስላል። ፊቱ ጠቁሯል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ጣሳ አቀረብኩለት። የወጣው ነገር ጥቁር፣ ወፍራም ነበር። አስሎ አርፎ፣ እንደገና አስሎ፣ እንደገና። እማማ በሩ ላይ ቆመው በሻሻቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«ያ ረቢ! ገደልኩት እንዴ?»

ልጄ እጁን አወዛወዘ። ላብና እንባው ተቀላቅሏል። ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «እማማ» አለ፣ «ነገም ይምጡና ይመርቁኝ። እኔን ግን ከሩቅ።»

«ወላሂ ከገራዶ ሆኜ ነው የምመርቅህ!»

እሳቸው ሳቁ። እሱም ጎኑን ይዞ ሳቀ፤ ደግሞ አሳለ። እኔ ጣሳውን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ሁለት ጊዜ አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፋሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳሉን መዋጥ ተወ። ያመዋል፤ ትራሱን አቅፎ ያስለዋል። እማማ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ትኩስ መስታወት ሲወጣ ግን አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው «አሚን ብቻ ነው የምለው» ይላሉ። እሱም እንዲያስቁት ብሎ ይጎነትላቸዋል። ብልቃጦቹ ከፊሎቹ ጠማማ ወጡ፣ ከፊሎቹ አመድ ውስጥ ተሰነጠቁ። ደህና የወጡትን መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ያሉት እህቶች ደስ ሊልሽ ይገባል አሉኝ። ልክ ናቸው። ይገባኝ ነበር።

ራጅ የሚነሳበት ቀን ባጃጅ ተኮናትረን ሄድን። ሹፌሩን ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ቀስ በል፣ ወንድሜ» ስለው ልጄ ፊቱን አዞረ። አንዱን ብልቃጥ በጥጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ሲስተሯን ኮሪደሩ ላይ ሳገኛት አሳየኋትና እንዴት እንደሠራነው ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

«ጭሱስ? ወደ ውስጥ ስቦትስ ቢሆን?»

«አይስብም፣ ሲስተር። እሱ ቤት ውስጥ ነው፣ እሳቱ ውጭ ነው። መጀመሪያ ያወጣል፣ ከዚያ ነው የሚስበው።»

ብልቃጡን እያገላበጠች አየችው። «እናት፣ የለሰለሰ መስታወት ለመንፋት ብዙ ትንፋሽ አይፈልግም፤ ፊኛ ነው የሚከብደው። የጠቀመው ነገር ካለ ቁጭ ማለቱና ማሳሉ ነው። እሳቱን ግን ከእንግዲህ አጠገቡ እንዳታደርጊው፤ እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ልክ እንደሆነች አውቅ ነበር። ብዙ ትንፋሽ እንደማይፈልግማ ከእሷ በፊት አይቼዋለሁ።

ሐኪሙ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰቀላቸው። በፊተኛው ላይ የደረቱ አንድ ጎን እስከ ግማሽ ነጭ ነው። በአዲሱ ላይ ነጩ ታች ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷል። በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየን።

«ተከፍቷል» አለ። «ይቺ የቀረችው ከጊዜ ጋር ትጠፋለች። ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም።»

«ይድገሙልኝ፣ ዶክተር።»

«ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም።»

«ፊልሙ የእሱ ነው? የሌላ ሰው እንዳይሆን። ስሙን ይዩልኝ።»

«እማዬ!» አለ ልጄ።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ስሙን አነበበልኝ። የልጄ ስም ነው። የአባቱም ስም የባለቤቴ ነው። አመሰገንኩና ወጣን።

በሩ ላይ ቆሜ የሆነ ነገር እስኪመጣ ጠበቅሁ። እንባ ይሁን ደስታ፣ የሚመጣውን አላውቅም ነበር። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ሙዝ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ሙዝ ገዛሁ። ልጄ ባጃጅ ውስጥ በላው። ቤት ስንደርስ እማማ ግቢው መሃል ቆመው እልል አሉ። የእኛ መስመር ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር እኔ በርሜሉን መሙላት ጀመርኩ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ወደ ኮምቦልቻ እመለሳለሁ አለ። አሠሪው ከጭነት ሥራ አንስቶ መጋዘን በር ላይ የጥበቃ ሥራ ሊሰጠው ተስማምቷል። አትሂድ ልለው ፈልጌ ነበር። ልብሱን አጥፌ ከተትኩለት። ሹራብ ጨመርኩ፤ «ኮምቦልቻ ይሞቃል እኮ» አለና አወጣው፤ መልሼ ከተትኩት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል ቦርሳውን በደህናው ትከሻው ይዞ ሮጠ። ቆሞ ጎኑን ይይዛል ብዬ አየሁት። አልያዘም። ገባና በሩ ተዘጋ።

ከቀትር በኋላ ደወለ። ከኋላው የመኪና ጩኸት አለ።

«ደረስኩ፣ እማዬ።»

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ከባድ ነገር አንስተሃል?»

«አላነሳሁም። ወንበር ሰጥተውኝ ተቀምጫለሁ።»

«እስቲ በረጅሙ ተንፍስልኝ።»

«እማዬ፣ ሰው አለ እኮ አጠገቤ።»

ስልኩን አልዘጋሁም። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና ሳበ፤ ቆየ፤ ለቀቀው። ሳያቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው።

«ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩት። ሹራቡን እንዲለብስ ነገርኩትና ስልኩን ዘጋሁት።